ለጌም ብዬ የቀየርኩት ከርነል

ከርነል ምን እንደሆነ ለማታውቁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ላይ ከምታዩት ነገር ሁሉ ሥር ተቀምጦ፣ የትኛው ፕሮግራም ቀድሞ ይሥራ፣ የትኛው ዕቃ ይታወቅ እያለ የሚያዝ የሲስተሙ እምብርት ነው። እሱ የማያውቀውን ዕቃ ኮምፒውተሩ ላይ ብትሰኩት እንዳልሰካችሁት ነው። ያን ሰሞን እኔ ይሄን ለሰው ሳስረዳ ብታዩኝ፣ ከርነልን የወለድኩት ነበር የምመስላችሁ። አይ እኔ!

ናትናኤል እባላለሁ፤ ሰፈር ናቲ ነው የሚለኝ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ከአብሮ አደጌ ከሙባረክ ጋር በሽርክና የከፈትናት ጌም ቤት አለችን። ሙባረክ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ የተጣላ ያስታርቃል፤ እኔ ማሽኖቹን እይዛለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ሲቪዬን ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞሬ ዞሬ ሲታክተኝ ነው የገባሁበት። እውነቱን ለመናገር ያኔ በሥራዬ አፍር ነበር። አብረውኝ የተማሩ ልጆች መንገድ ላይ አግኝተውኝ "አሁን የት ነህ?" ሲሉኝ፣ "የራሴን ነገር እየሠራሁ" እላለሁ እንጂ "ጌም ቤት" የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ ቤቷን ትልቅ የቴክኖሎጂ ሥራ ለማስመሰል የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ደንበኞቻችን አብዝተው የሚጫወቱት ተኩስ ነው። በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ እያንዳንዱ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይታኮሳሉ። ማን ማንን መታ፣ ማን ወደቀ ብሎ የሚዳኘው ደግሞ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሌላ ማሽን ነው፤ ሰርቨር የምንለው እሱን ነው። ሊኑክስ ጭኜበት፣ ስክሪን እንኳ ሳይኖረው፣ ከጠረጴዛ ሥር ሲያጉረመርም ይውላል።

ያ ሰርቨር ግን ሌላም ሥራ ነበረው። የአፍንጮ በር እድራችንን መርዶ የሚያደርሰው እሱ ነው። እንዴት ብትሉ፣ ሰፈራችን አብዛኛው ፈርሷል። አባላቱ ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ገሚሱ ተከራይቶ በከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። እድሩ ግን አልፈረሰም። ሰው የትም ይግባ የት፣ ሲሞት የሚቀብረው የድሮ ጎረቤቱ ነው። ችግሩ መነጋገሩ ላይ ነበር፤ ጥሩምባ ቢነፋ ከተማው ዳር ማን ሊሰማ? የእድሩ ዳኛ ጋሽ አስፋው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ አንድ ቀን ቤታችን ብቅ አሉና "ናቲዬ፣ ይሄን ማሽንህን ለቁም ነገርም አውለው እስቲ" አሉኝ። እኔም ሲም ካርድ የሚገባባት ትንሽ ሞደም ገዝቼ ሰርቨሩ ኋላ ላይ ሰካሁ። ጋሽ አስፋው የመርዶውን መልእክት ከስልካቸው ወደዚያች ሞደም ይልካሉ፤ ሰርቨሩ ይቀበልና ለአባላቱ ሁሉ ያከፋፍላል። ከዓመት በላይ አንድም ቀን ሳያስቸግር ሠራ። እንዲያውም መኖሩን ረሳሁት።

ወደ ነገሬ ልግባ። የስድስት ኪሎ ተማሪዎች እኛ ቤት ይመጣሉ። ከነሱ መሃል ኪሩቤል የሚባል፣ ምላሱ የሰላ፣ ኮምፒውተርም የሚገባው ልጅ አለ። አንድ ቀን ሲጫወት ውሎ ሲወጣ፣ "ብራዘር፣ ቤታችሁ ይመቻል፤ ሰርቨራችሁ ግን ቀሽም ነው" አለኝ፤ ሰው ፊት። ልክ ነበር። ይጎትታል። ተኩሰህ ጥይቱ ቆይቶ ይወጣል፤ ሮጠህ ግድግዳ አልፈህ፣ መልሶ ከግድግዳው ጀርባ ያቆምሃል። ሙባረክ "አቦ ተወው፣ ልጅ ነው" ቢለኝም፣ እኔን ግን "ቀሽም" የሚለው ቃል አልለቀቀኝም። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ነኝ እኮ!

ለቅዳሜ ውድድር ተይዞ ነበር፤ የድልድዩ ልጆች ከስድስት ኪሎ ተማሪዎች ጋር። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ አፍጥጬ ከረምኩ። ፈረንጆቹ ሲከራከሩ አገኘኋቸው፤ አንዱ "ከርነሉን ቀይረው፣ ጌም ሰርቨርህ ይፈተለካል" ይላል፣ ሌላው "ምንም ለውጥ የለውም፣ መጀመሪያ ችግርህን ለካ" ይላል። እኔ የሚጥመኝን ብቻ አነበብኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሙባረክ ነገርኩት።

"ሙቤ፣ ከርነሉን ልቀይረው ነው።"

"ምኑን?"

"የሰርቨሩን እምብርት። አላስፈላጊውን ሁሉ አራግፌ፣ ለጌም ብቻ የተሰፋ አዲስ እሠራለሁ።"

"ነገ ውድድር አለን እኮ ናቲ። ዛሬ ባትነካካው ምን ይመስልሃል?"

"ለነገ ነው የምነካካው!"

"ካበላሸኸውስ?"

"አሮጌው እዚያው አለ። ካልሆነ በአሮጌው መልሼ አስነሳዋለሁ፤ ምን ችግር አለው?"

ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ደንበኞቹ ሄደ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አዲስ ከርነል ስትሠሩ ምን ምን ዕቃ ማወቅ እንዳለበት መምረጥ አለባችሁ፤ ረጅም ዝርዝር ነው፣ አንድ በአንድ ይጠይቃችኋል። እኔ የማጥፋት ሱስ ያዘኝ። ፕሪንተር? ይጥፋ። ካሜራ? ይጥፋ። ድምፅ? ሰርቨር ምን ድምፅ ያስፈልገዋል፣ ይጥፋ። ሲም የሚገባባቸው ሞደሞች የሚለው ላይ ስደርስ፣ "ይሄን ደግሞ በዚህ ዘመን ማን ይጠቀምበታል!" ብዬ ጮክ ብዬ ስቄ አጠፋሁት። ሞደሟ ከጉልበቴ አጠገብ ነበረች። እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ።

አዲሱ ከርነል ተሠርቶ ሲያልቅ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። ተነሳ! ከሙባረክ ጋር ትንሽ ተጫወትንና "እ? አየኸው?" አልኩት።

"ለኔ ያው ነው።"

"ዓይንህን ክፈት እንጂ! የመዘግየቱን ቁጥር እየው፣ ወርዷል።"

"እሺ፣ ወርዷል" አለኝ፣ ለጠብ ጊዜ የለኝም በሚል ድምፅ። እኔ ግን ወዲያው በቴሌግራም ቻናላችን ላይ "ሰርቨራችን አዲስ ከርነል ገጥሟል፤ ላግ የሚሉት መጎተት ታሪክ ሆኗል፤ ነገ እንገናኝ" ብዬ ለቀቅኩ። ወዲያው የልብ ምልክት ከሥሩ ተደረደረ። ያን ቀን ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው ፒያሳ ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ጢም አለ። ተጫዋቾቹ ተቀምጠው፣ ተመልካቹ ወንበር ጀርባ ተደራርቦ፣ በሩ ላይ ሰው እየተጋፋ። ኪሩቤልን ጥግ አስይዤ ስለ ከርነሌ አስተማርኩት። ሲያዳምጠኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ "አንተ እኮ እዚህ መቀመጥ የለብህም" አለኝ። ይሄን ለመስማት ስንት ዘመን ስጠብቅ ኖሬያለሁ መሰላችሁ። ጨዋታው ሲጀመር አልፎ አልፎ መጎተቱን አየሁ፤ ግን "የማሞቂያ ነው" አልኩ፣ ለራሴም ለሰውም።

ከሰዓት ሲሆን፣ ጨዋታው ከሯል፣ ጩኸቱ ለጉድ ነው፣ ጋሽ አስፋው በሩ ላይ ታዩኝ። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል። ሰዉን "ይቅርታ ልጆች፣ ይቅርታ" እያሉ ሰንጥቀው አጠገቤ ደረሱ።

"ናቲዬ፣ ያ መልእክት ሄዷል አይደል?"

ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። የድልድዩ ልጆች አንድ ዙር ሊያሸንፉ ነው።

"ሄዷል ጋሼ፣ ሄዷል።"

"እርግጠኛ ነህ? ሰው ጭር አለብኝ። ሌላ ጊዜ እስካሁን ድንኳኑ ይሞላ ነበር።"

"ቅዳሜ ነው ጋሼ። መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል።"

"ይሆናል" አሉ። ትንሽ ቆሙ። የምላቸው ነገር ካለ እየጠበቁ ይመስለኛል። ከዚያ "በል ቀጥል ልጄ" ብለው በመጡበት ተመለሱ።

ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቅኩም። ልብ በሉልኝ፤ አላየሁም፣ አላጣራሁም፣ ግን "ሄዷል" አልኩ። አልበቃ ብሎኝ ሰው ያልመጣበትን ምክንያት ፈጥሬ ሰጠኋቸው።

ሙባረክ ከወዲያ ማዶ አይቷቸው ኖሮ መጣ። "ጋሽ አስፋው ምን ፈልገው ነው?"

"የእድር መልእክት።"

"ማን ሞቶ?"

"እኔ እንጃ።"

"እንዴት እኔ እንጃ? እማ እኮ ምንም አልደረሳትም፣ አሁን በስልክ አውርተናል። ቢደርሳት መጀመሪያ የምትነግረኝ እሱን ነበር።"

የሙባረክ እናት እትዬ ዘይነባ ከእድሩ ነባር አባላት አንዷ ናቸው። መልእክት ከደረሰ እሳቸው ጋ ሳይደርስ አይቀርም። ጎንበስ ብዬ ሰርቨሩን ከኋላ አየሁት። ሁልጊዜ አረንጓዴ የምታበራው የሞደሟ መብራት ጠፍታለች። ነቅዬ ሰካኋት። ምንም። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካኋት። ምንም። ያኔ የዓርቡ ሳቄ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። "ማን ይጠቀምበታል" ያልኩት እሷን ነው። ከርነሌ አያውቃትም። ከዓርብ ጀምሮ የእድሩ ስልክ ዝግ ነው።

"ሙቤ" አልኩት በሹክሹክታ፣ "መልእክቱ አልሄደም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

"ይስተካከላል?"

"በአሮጌው ከርነል ማስነሳት ነው። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አጥፋው!"

ስክሪኑን አየሁ። እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ነው። ተመልካቹ ቆሟል። ኪሩቤል ማዳመጫውን እያስተካከለ ነው። ሰርቨሩን ካጠፋሁት ጨዋታው ይበተናል፤ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል፤ "ምን ሆነ?" ሲባል "አዲሱ ከርነሌ" ልል ነው።

"ይሄ ዙር ይለቅ" አልኩ።

"ናቲ፣ ሰው ሞቷል እኮ!"

"አንድ ዙር ነው ሙቤ፣ በናትህ።"

ሙባረክ እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ደግሞ ዙሩ በአንድ አላለቀም። እኩል ወጡና ተጨማሪ ተባለ፤ ከተጨማሪው ሌላ ተጨማሪ። እኔ ከሰርቨሩ አጠገብ ቆሜ እጄ ማጥፊያው ላይ ነው፤ አልጫነውም። እያንዳንዱ ዙር ሲጀመር "ይሄ የመጨረሻው ነው" እላለሁ። ሙባረክ ስልኩን ይዞ ወጥቶ ለእናቱና ለሚያውቃቸው እየደወለ ነበር፤ ግን ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም፤ ጋሽ አስፋውም ስልካቸውን አያነሱም።

የድልድዩ ልጆች አሸነፉ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ያን ጊዜ ነው ማጥፊያውን የተጫንኩት።

በአሮጌው ከርነል ሲነሳ የሞደሟ መብራት ወዲያው በራች። ማለዳ የተላከው መልእክት ኔትወርክ ላይ ሲጠብቅ ውሎ ገባ። በላፕቶፔ ከፍቼ አነበብኩት። "ወይዘሮ አስካለ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በደብራችን ይፈጸማል።" ሰዓቴን አየሁ። ስምንት አልፎ ነበር። ሰርቨሩ መልእክቱን መበተን ጀመረ፤ ወዲያው ስልኬ መጮህ ጀመረ። "ምነው እስካሁን?" "ከዚህ ተነስቼ እንዴት ልድረስ?" "ሰው ሊቀበር ሲል ነው የምትነግሩን እናንተ ልጆች?"

ከኋላዬ ኪሩቤል ሌላ ጨዋታ ጀምሮ ነበር። "ናቲ!" ብሎ ጮኸ፣ "አሁን ነው ያማረበት! ከርነሉ እስኪሞቅ ነው እንዴ የሚጎትተው?" በአሮጌው ከርነል ላይ እየተጫወተ መሆኑን አላወቀም። ከቤቱ ሙሉ ሰው አንድ እንኳ ልዩነቱ የገባው አልነበረም።

እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። አፍንጮ በር ካልፈረሱት ጥቂት ቤቶች በአንደኛው፣ ሰናይት ከምትባል ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከሰናይት በቀር ማንም የላቸውም። ሰፈሩ ሲፈርስ የነሱን ቤት የማፍረሻው መስመር አልነካውም ተብሎ ቀረ። የሰው ቤት ሲፈርስ የራሱ የቀረለት ደግሞ ይታማል። "ሰው ይዘው ነው" ተባለ። "አስካለ ዝም ብላ መስላችሁ?" ተባለ። እትዬ አስካለም አፈኛ ነበሩ፣ ዝም አላሉም፤ ከአንዳንዱ ጋር ሰላምታ እስከ ማቋረጥ ደረሱ። ያን ሐሜት እኔም ሰምቼ፣ "ይሆናል" ብዬ ጭንቅላቴን ነቅንቄ አውቃለሁ።

ሙባረክ ቤቱን ለደንበኞች ጥሎ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። በታክሲ ሽቅብ ወጣን። ደብሩ ስንደርስ ሬሳው ከፍትሐት ወጥቶ ወደ መቃብሩ እየሄደ ነው። እኛ ሰፈር ሬሳ ለመሸከም ሽሚያ ነው፤ አንዱ ትከሻውን ሳያሳርፍ ሌላው "አምጣ ለኔ" ይላል። ያን ቀን የተሸከሙት አራቱ ተተኪ አጥተው፣ መሃል ላይ ሳጥኑን አውርደው አረፉ። ድንኳን ተከላ የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ሮጠን ገባንላቸው። ሌላው ቀባሪ ሁለት ካህናት፣ ጋሽ አስፋው፣ በጣት የሚቆጠሩ እዚያው የቀሩ ጎረቤቶችና ሰናይት ብቻ ናቸው። ሰናይት አታለቅስም ነበር። ወደ ቅጥር ግቢው በር ታያለች፤ ሰው ገባ አልገባ እያለች። አፈሩ ሲገባ ራሱ በሩን ነበር የምታየው።

ሲያልቅ ጋሽ አስፋው ጋ ቀረብኩ። "ጋሼ፣ መልእክቱ አልሄደም ነበር።"

ቆመው አዩኝ። "ሄዷል አልከኝ።"

"አላየሁም ነበር። ሳላይ ነው ያልኩት። ለጌም ብዬ ማሽኑን ስነካካ የእድሩን ስልክ ዘጋሁት።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ። "ለኔ አትንገረኝ" አሉ በመጨረሻ። "ለሷ ንገራት። ከጠዋት ጀምሮ ምን ስትል እንደዋለች እኔ ነኝ የሰማሁት።" ክንዴን ይዘው ወደ ድንኳኑ ወሰዱኝ።

ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ በሙሉ ተደርድሯል፤ ባዶ። ሰናይት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች።

"ናቲ፣ አንተ እንኳን መጣህልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ሰናይት፣ ሰው ያልመጣው ስላልሰማ ነው። የእድሩ መልእክት አልሄደም ነበር። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ማንም አልሰማም።"

"ማለት?"

"መልእክቱን የሚልከውን ማሽን እኔ አበላሸሁት። ማንም አልሰማም ሰናይት።"

መጀመሪያ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ቀጥሎ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እንደዚያ ሆና የተጠራቀመው ለቅሶ ወጣ። "አልሰሙም!" እያለች። "እማዬ፣ አልሰሙም እኮ ነው! ጠልተውሽ አይደለም እኮ!" ጎረቤቶቹ ተነሡ፤ ከነሱም ጋር ተላቀሱ። ከዚያ ዞራ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

"ከጠዋት ጀምሮ ምን ስል እንደዋልኩ ታውቃለህ? በቤቱ ምክንያት ቂም ይዘውባት ነው፣ ሬሳዋን እንኳ አንሸኝም ብለው ተማክረው ነው እያልኩ። ለምን ሌላ ቦታ አልወሰድኩሽም እያልኩ እማዬን ይቅርታ ስጠይቃት ዋልኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ናቲ። ባትነግረኝ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ እኖር ነበር።"

ስድብ ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ እንዴት በወደድኩ። እሷ ግን ታመሰግነኛለች፣ እጄን አልለቀቀችም። አንገቴን ደፋሁ። ሙባረክ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል።

ሰናይት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "አንተ ግን መቼ ሰማህ?" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲሁ ነው የጠየቀችው።

"አንድ ሰው መሞቱንና መልእክቱ አለመሄዱን ያወቅኩት… ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው።"

"ሰባት ሰዓት።"

"አዎ።"

"መልእክቱ የደረሰው ግን ከስምንት በኋላ ነው አልከኝ። በመሃሉ ምን ሆነህ?"

ልዋሽ እችል ነበር። "ማሽኑ እምቢ አለኝ" ብል ማን ያውቃል? ከሙባረክ በቀር ማንም። ግን ያን ቀን አንድ ጊዜ ሳላይ አውርቻለሁ፤ ሁለተኛ አልቻልኩም።

"ጨዋታ ላይ ነበርን" አልኩ። "ውድድር ነበር። የመጨረሻው ዙር እስኪያልቅ ጠበቅኩ።"

እጄን ለቀቀችኝ። አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ሰባት ሰዓት ላይ ቢሰሙ ከሩቅም ሰው ይደርስ እንደነበር ስታሰላ ፊቷ ላይ አየሁት።

"ማን አሸነፈ?" አለችኝ።

"የድልድዩ ልጆች።"

"እ" አለች፣ ፊቷንም ወደ ጎረቤቶቿ መለሰች።

ወደ አመሻሹ ላይ ሰው መጉረፍ ጀመረ። ሚኒባስ ተከራይተው የመጡ አሉ። ድንኳኑ ሞልቶ ውጪ ቆሙ። ከእትዬ አስካለ ጋር ሰላምታ ያቋረጡት ሴትዮ ሳይቀሩ ደረት እየመቱ ገቡ። እትዬ ዘይነባ ግን ሳያለቅሱ ነው እኔ ጋ የመጡት። "ስንት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አፈሯን እንኳ ሳላይ!" አሉኝ። "እናንተ ልጆች ተማራችሁ ብለን እኮ ነው ጥሩምባውን የተውነው።" ጋሽ አስፋው ሰዉ ሲሰበሰብ አስነሱኝ፤ ያደረግሁትን በሙሉ፣ የጠበቅኩትንም ዙር ጭምር፣ በራሴ አፍ ተናገርኩ። ማንም አልጮኸብኝም። አንድ ሽማግሌ ብቻ "ጨዋታ?" አሉ። ደግመው አላሉም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ስለ ከርነል ልትጠይቁኝ ከፈለጋችሁ ልንገራችሁ። ከርነል መቀየር ጌም ሰርቨር ያፈጥናል ወይ? ምናልባት ማሽኑ በሥራ ብዛት ለተጨናነቀበት ሰው ይረዳው ይሆናል። የኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈቶ የሚውል ማሽን ነበር፤ በኋላ ረጋ ብዬ ስለካው አሮጌውም አዲሱም አንድ ናቸው። የሚጎትተው ኮምፒውተሮቹን ከሰርቨሩ የምታገናኘው፣ አቧራ ጠጥታ የምትግለው የኔትወርክ ማከፋፈያ ነበረች። በሌላ ተካናት፣ አለቀ። ዓርብ ዕለት ቀድሜ ለክቼ ቢሆን በአንድ ሰዓት አገኘው ነበር። እኔ ግን ችግሩን ማግኘት ሳይሆን አዋቂ መባል ነበር የፈለግኩት።

ማሽን የምትይዙ ልጆች፣ ስሙኝ። አንድ ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት በዚያ ማሽን ላይ የተንጠለጠለው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ምክር ግን ማንም ይሰጣችኋል። እኔን ያሳፈረኝ ሞደሙን ማጥፋቴ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። ካወቅኩ በኋላ ቆሜ መጠበቄ ነው። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር እኮ። ዛሬም ድረስ ሳስበው ብቻዬን ፊቴ ይግላል።

አሁን ሞደሟ የራሷ ማሽን አላት፤ ማንም አይነካትም። እሷን ብቻ አምኜም አልቀመጥም፤ መርዶ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ለአባላቱ አንድ በአንድ እደውላለሁ። ጋሽ አስፋው አላዘዙኝም፣ ራሴ ነኝ የያዝኩት። መጀመሪያ የምደውለው ለሰናይት ነው። ሁልጊዜ ታነሳለች። "ማን ነው?" ትላለች፣ እነግራታለሁ። "ነፍሱን ይማር" ትላለች። ከዚያ ቁጣ በሌለው በዚያ ድምጿ፣

"መቼ ሰማህ ናቲ?" ትለኛለች።

"አሁን። አሁን ነው የሰማሁት።"

"እሺ" ብላ ትዘጋዋለች።